ባለ ቀይ ጅማቱ የውሃ ተርብና የእንጦጦ ውሃዎች ታሪክ

ባለ ቀይ ጅማቱ የውሃ ተርብ በኢትዮጵያ ደጋ ኩሬዎችና ረግረጎች ዳር ከሚያንዣብቡ ነፍሳት መካከል በቀለሙ ጎልቶ የሚታይ ነው። ወንዱ ለመራባት ሲደርስ አካሉ እንደ በሰለ በርበሬ ይቀላል፤ የክንፉን የፊት ጠርዝ የሚወጥሩት ጅማቶችም አብረው ይቀላሉ። የሳይንስ ስሙ ሲምፔትረም ፎንስኮሎምቢ ሲሆን ከደቡብ አውሮፓ እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በምሥራቅም እስከ ህንድ ድረስ ይገኛል። የውሃ ተርቦች ዕድሜያቸውን በሁለት ቤት የሚያሳልፉ ናቸው፤ ልጅነታቸው በውሃ ውስጥ፣ ጉልምስናቸው በአየር ላይ ነው። ስለዚህ የእነሱ ታሪክ የትም ቢሆን ከምንጩ፣ ከኩሬውና ከወንዙ ታሪክ ጋር አብሮ ይሄዳል። በየካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ ባሉት የእንጦጦ ተራሮች ደግሞ የውሃው ታሪክ የአዲስ አበባ የራሷ ታሪክ ነው።

ስሙ «ተርብ» ይበል እንጂ ከተርብ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ መንደፊያም መርዝም የለውም። ጠንካራ መንጋጋው የተሠራው ትንኝን፣ ዝንብንና ሌሎች ትናንሽ በራሪዎችን በአየር ላይ ይዞ ለመብላት ነው። ሰውን የሚጎዳበት መንገድ ስለሌለው ሊፈራ የሚገባው ነፍሳት አይደለም።

መልኩና መለያዎቹ

ከራሱ እስከ ሆዱ ጫፍ ከ33 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የአንድ ሰው ጣት ሁለት አንጓ ያህል ማለት ነው። ዝርያውን ለመለየት በቀለሙ ብቻ መመካት አይበቃም፤ ቀያይ የውሃ ተርቦች ብዙ ናቸውና። አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል፦ ዓይኑን፣ ክንፉን፣ እግሩንና ሆዱን።

ዓይኑ ትልቅ ሆኖ ሁለት ቀለም አለው። የላይኛው ክፍል ቀይ ቡናማ፣ የታችኛው ክፍል ግራጫ የተቀላቀለበት ሰማያዊ ነው። ይህ ሰማያዊ ቀለም ነፍሳቱ ከጎን ሲታይ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የክንፉ የፊት ጅማቶች በወንዱ ቀይ፣ በሴቷ ቢጫ ናቸው። በእያንዳንዱ ክንፍ የፊት ጠርዝ፣ ወደ ጫፉ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ትንሽ መስኮት ያለች ባለ አራት ማዕዘን ምልክት አለች። የዚህ ዝርያ ምልክት ፈዛዛ ቢጫ ሆና ዙሪያዋን ወፍራም ጥቁር መስመር ይከባታል። በኋለኛው ክንፍ ሥር ደግሞ ማር የመሰለ ቢጫ ጥላ አለ። እግሮቹ ጥቁር ናቸው፤ በርዝመታቸው ግን ቀጭን ቢጫ መስመር ይወርድባቸዋል። ቀዩ ሆዱ መካከለኛ ውፍረት ያለው ሲሆን ጫፉ አጠገብ ባሉት ክፍሎች ጀርባ ላይ ጥቁር ነጥቦች ይታዩበታል።

ሴቷ ቢጫ ናት፤ በሆዷ ጎንና ጎን ጥቁር መስመሮች ይሄዳሉ። ከውሃ የወጣ ወጣት ወንድም በመጀመሪያ ቢጫ ስለሆነ ከሴቷ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ወንድነቱን የምታሳየው ከደረቱ ቀጥሎ በሆዱ ሥር ያለች ትንሽ ጉብታ ናት። ወንዱ ከቢጫ ወደ ቀይ የሚለወጥበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓን ተመራማሪዎች በቅርብ ዘመዶቹ ላይ ባደረጉት ጥናት ተገልጧል። በቆዳው ውስጥ ያለው ቀለም አይጨመርም፣ አይተካምም፤ ያው ቀለም በኬሚካዊ ለውጥ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ከቢጫ ወደ ቀይ ይዞራል።

ከዚህ ዝርያ ጋር የሚምታቱ ሦስት ዘመዶች አሉ። የመጀመሪያው ትሪቴሚስ አርቴሪዮሳ ነው። እሱም ቀይ ጅማትና በክንፉ ሥር የማር ቀለም ጥላ አለው፤ ነገር ግን ሆዱ ቀጭን ሆኖ ወደ ጫፉ በጎንና ጎኑ ጥቁር ሽብልቅ መሰል ምልክቶች ይታዩበታል፣ የክንፉ ጫፍ ምልክትም ጥቁር ነው። ሲያርፍ ክንፎቹን ወደ ፊትና ወደ ታች ይጥላል። ሁለተኛው ክሮኮቴሚስ ኤሪትሪያ ነው። ሆዱ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ እግሮቹም ቀይ ስለሆኑ ከባለ ጥቁር እግሩ ዝርያ ለመለየት ይህ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው ፓንታላ ፍላቬሴንስ ነው። ወርቃማ ቢጫ ሆኖ በመንጋ ለረጅም ሰዓት ሳያርፍ የሚበር፣ የህንድ ውቅያኖስን እንደሚሻገር የሚታመን ተጓዥ ነው። ባለ ቀይ ጅማቱ ግን በደረቅ ጭራሮ ወይም በድንጋይ ላይ ያርፋል፤ ተነሥቶ አደን አድኖ ደጋግሞ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል።

ከእንቁላል እስከ በረራ

ባለ ቀይ ጅማቱ የሚመርጠው የረጋ ወይም በዝግታ የሚሄድ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። እንቁላል የሚጣለው ወንዱና ሴቷ ተያይዘው እየበረሩ ነው። ወንዱ በሆዱ ጫፍ የሴቷን ጭንቅላት ከኋላ ይዞ ይመራታል፤ ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ዝቅ ይላሉ፣ ሴቷ የሆዷን ጫፍ ውሃው ላይ ነካ አድርጋ እንቁላል ትለቃለች፣ ወዲያው ከፍ ይላሉ፣ እንደገና ዝቅ ይላሉ። በኩሬው ፊት ላይ በየንክኪው ትናንሽ የውሃ ቀለበቶች ይሰፋሉ።

ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ክንፍ የሌለው አዳኝ ነው። የሚተነፍሰው በሆዱ መጨረሻ ውስጥ ባሉ ስንጥቦች ነው፤ ሲደነግጥ በዚያው በኩል ውሃ በኃይል ረጭቶ ወደ ፊት ይወነጨፋል። የታችኛው ከንፈሩ ታጥፎ ከአገጩ ሥር ይቀመጥና አደን ሲቀርብ እንደ ክንድ ተዘርግቶ ይይዛል። ከሚበላቸው መካከል የትንኝ እጮች ይገኛሉ። ውሃው ሞቅ ካለ ዕድገቱን በጥቂት ወራት ስለሚጨርስ ዓመቱን ሙሉ በማይቆይ ኩሬ ውስጥ እንኳ ለመብረር ይደርሳል።

ጊዜው ሲደርስ እጩ በቄጠማ ግንድ ላይ ወጥቶ ጥፍሩን ይተክላል። ጀርባው ይሰነጠቃል፤ ለስላሳና ፈዛዛ የሆነው ነፍሳት መጀመሪያ ጭንቅላቱን፣ ቀጥሎ እግሮቹን፣ በመጨረሻም ሆዱን ከአሮጌው ቆዳ ይመዛል። እንደ ተጨማደደ ወረቀት የነበሩት ክንፎች ፈሳሽ ሲሞላባቸው ይወጠራሉ፣ ቀስ በቀስም ይጠነክራሉ። ነፍሳቱ ከበረረ በኋላ ባዶው ቆዳ ግንዱን እንደጨበጠ ይቀራል፤ ኩሬው ለዚህ ዝርያ መራቢያ እንደሆነ ከሚያረጋግጡ ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ቆዳ ነው።

ስሙን ያወጡት ሰዎች

ዝርያውን ለሳይንስ የመዘገበው ቤልጂጋዊው ኤድሞን ደ ሴሊ ሎንሻን ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ስለ አውሮፓ የውሃ ተርቦች ባሳተመው መጽሐፍ ለፈረንሳዊው የነፍሳት አጥኚ ለቧዬ ደ ፎንስኮሎምብ መታሰቢያ ስሙን ሰጠው። ሴሊ ሎንሻን ከሳይንሱ ጎን ለጎን የቤልጂግ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበር። የኢትዮጵያ የውሃ ተርቦች ጥናትም በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ የእሱን እጅ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ለአንዱ ዝርያ ኖቶጎምፈስ ሩፔሊ የሚል ስም ሲሰጥ ያከበረው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን የጎበኘውን ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔልን ነው።

ከዚያ በኋላ ዕውቀቱ የተሰበሰበው በመንገደኞች መረብ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ትሪቴሚስ ኤለንቤኪ እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሰየም ስሙን ያገኘው ከ1899 እስከ 1901 ከተጓዘው የፎን ኤርላንገር ጉዞ ሐኪም ከኤለንቤክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ስዊዛዊው የአእምሮ ሐኪምና የውሃ ተርብ ሊቅ ፍሪድሪክ ሪስ ሌላውን የኢትዮጵያ ብቻ ዝርያ ኦርቴትረም ክሪስተንሴኒ ብሎ መዘገበ፤ ይህም ለዴንማርካዊው ነፍሳት ሰብሳቢ ለክሪስተንሰን የተሰጠ ክብር ነው። እንግሊዛዊው ኪሚንስ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንሲሊዮ በ1978 አዳዲስ ዝርያዎችን ጨመሩ። በ2005 ቪዮላ ክላውስኒትሰርና ክላስ ዳውቨ ዳይክስትራ የአገሪቱን የውሃ ተርቦች በአንድ ጽሑፍ አጠቃለሉ። በኢትዮጵያ የሚታወቁት ዝርያዎች ቁጥር ወደ መቶ ይጠጋል፤ ከእነሱ ውስጥ ከሌላ አገር የማይገኙት በአብዛኛው የደጋ ወንዞችና የደን ጅረቶች ነዋሪዎች ናቸው። የደጋው ውሃ ሲጎዳ ሌላ ቦታ የማይተኩት እነዚህ ናቸው።

ከተማዋ ከመምጣቷ በፊት

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የተራራ ሰንሰለት ሲሆን ሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ይለያል። በሰሜኑ ገጽ የወረደ ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል። በደቡቡ ገጽ የወረደው ቀበናንና ግንፍሌን የመሳሰሉ ወንዞችን ሆኖ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ይቀራል። የየካ ተራሮች የዚህ ሰንሰለት ምሥራቃዊ ክፍል ናቸው።

የተራራው ጥንታዊ ደን ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና የመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች ናቸው። በዛፎቹ ሥር የሚከማቸው ቅጠልና ለስላሳ አፈር የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ይዞ በበጋው ቀስ በቀስ ወደ ምንጮች ይለቀዋል። በግርጌው ሜዳ ውሃው ተንጣሎ ረግረግና የቄጠማ መስክ ይሠራል። ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ነው፤ የባለ ቀይ ጅማቱ እጭ የሚያድግበትም ውሃ ይኸው ነው።

በየካ ተራራ ላይ ያለው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ሚካኤል የሰው እጅና የዝናብ ውሃ እንዴት እንደሚገናኙ ያሳያል። ከአንድ አለት የተፈለፈለው ይህ ሕንጻ ጣሪያው ስለፈረሰ በክረምት ውሃ ይሞላዋል። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከብዙ ዘመን በፊት በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ ሰዎች ይኖሩና ያመልኩ እንደነበር ምስክሩ እሱ ነው።

ዋና ከተማው ከተራራው ሲወርድ

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከተማቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ቦታው ከፍ ያለ በመሆኑ ለመከላከል ይመቻል፤ ነገር ግን ብርዱ ጠንካራ፣ ነፋሱም የማያባራ ነበር። ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ የሚያነዱትና የሚሠሩበት እንጨት በአጭር ጊዜ የአካባቢውን ደን አሳሳው። እቴጌ ጣይቱ በግርጌው ሜዳ ወዳለው ፍልውሃ እየወረዱ ይቀመጡ ስለነበር በ1879 ዓ.ም. በዚያ ሰፈር ተቆረቆረ፤ አዲስ አበባም ተባለ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት ግን አሁንም ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥቱ ጠቅልሎ ወደ ታች ወረደ።

ከተማዋ ብትወርድም የምትጠጣው ከተራራው ነበር። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1894 የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ እስከ ቤተ መንግሥቱ አደረሰ፤ በኢትዮጵያ የቧንቧ ውሃ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በከተማዋ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ሰፋፊ ቦታዎች ሰጡ። ዛሬ በየካ ያለው የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ስም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ኤምባሲዎች ዛፍ የሞላባቸው ሰፋፊ ግቢዎችም እስከ ዛሬ አሉ።

የእንጨቱ ችግር ግን ከተማዋን ተከትሎ ወረደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ያሰቡት በዚሁ ምክንያት ነበር። ሐሳቡን ካስቀሩት ነገሮች ዋነኛው ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ዛፉን በ1887 ዓ.ም. ገደማ በማስገባት ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው፤ ከባሕር ማዶ በመምጣቱም ባሕር ዛፍ ተባለ። ተቆርጦ እንደገና ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ስለሚደርስ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ራቁቱን የቀረው የእንጦጦ ገጽም በእሱ ተሸፈነ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋ ምድጃ የነደደው በዚህ ዛፍ ነው። የማገዶውን እስር በጀርባቸው ተሸክመው ከተራራው ወደ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች ድካም የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ነው።

ባሕር ዛፍ ከተማዋን ቢያድናትም ለምንጮቹ ደግ አልነበረም። ሥሩ ብዙ ውሃ ይስባል፤ በጥላው ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም ስለማይበቅል ዝናቡ መሬት ውስጥ ከመግባት ይልቅ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ይህ ሥጋት አዲስ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት እ.ኤ.አ. በ1913 ዛፉ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል በሚል ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዝዞ ነበር። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም፤ ከተማዋ ያለ ባሕር ዛፍ የምትኖርበት መንገድ አልነበራትምና።

ግድቡ፣ የተበከለው ወንዝና ተሐድሶው

ሕዝቡ ሲበዛ የተራራው ምንጮች አልበቁም። በከተማዋ ምዕራብ የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ደግሞ በሰንዳፋ በኩል የለገዳዲ ግድብ ተሠሩ። የቧንቧው ውሃ ከሩቅ መምጣት ሲጀምር የቅርቡ ወንዝ የመጠጥ ውሃነቱ እየተረሳ የቆሻሻ ማስወገጃ ሆነ። ቀበናና ግንፍሌ ከተራራው ሲነሡ ንጹሕ ናቸው፤ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ሲያልፉ ግን ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ ይገባባቸዋል። ቆሻሻ ሲበዛ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ በስንጥቡ የሚተነፍሰው እጭም ይታፈናል። በሌላ በኩል ረግረጎችና የቄጠማ መስኮች ለግንባታ ሲደለደሉ የረጋው ውሃ ራሱ ይጠፋል።

ባለ ቀይ ጅማቱ ከዘመዶቹ ይልቅ ለዚህ ለውጥ የተሻለ ዝግጅት አለው። ሩቅ ይበራል፤ አዲስ የተቆፈረ ኩሬን ፈጥኖ ያገኛል፤ ዕድገቱም አጭር ነው። እንደ ትሪቴሚስ ኤለንቤኪና በኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች ብቻ እንደሚኖረው አቶኮኒውራ ኤቲዮፒካ ያሉት ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ዳር የሚታየው የውሃ ተርብ የትኛው እንደሆነ መለየት ስለ ውሃው ብዙ ይናገራል። ሩቅ በራሪው ዝርያ ብቻ ከታየ በቦታው ውሃ መኖሩን ያመለክታል፤ የደጋ ጅረት ዝርያዎች አብረው ከታዩ ደግሞ ውሃው ንጹሕና ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። በብዙ አገሮች አጥኚዎች የወንዝን ጤንነት ለመመዘን የውሃ ተርቦችን የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በእንጦጦ የተሐድሶ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በተራራው ላይ ባሕር ዛፍን በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በሌሎች አገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፈተ፤ የከተማዋን የወንዝ ዳርቻዎች የማልማት ሥራም ከእሱ ቀደም ብሎ ተጀምሯል። ለውሃ ተርቦች የሚጠቅመው የዛፉ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዳሩ በሲሚንቶ ያልታሠረ፣ ቄጠማና ሣር የበቀለበት ኩሬ፣ ፍሳሽ የማይገባበት ጅረትና ያልተደለደለ ረግረግ ያስፈልጋቸዋል። እጩ ወጥቶ ክንፉን የሚዘረጋበት አንድ የቄጠማ ግንድ እንኳ ከሌለ ንጹሕ ውሃ ብቻውን አይበቃውም።

ባለ ቀይ ጅማቱን ለማየት የሚመቸው ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ካበበ በኋላ፣ ኩሬዎች ገና ሳይደርቁ ነው። ጠዋት ብርድ ስላለ ነፍሳቱ ድንጋይ ላይ ወይም ጭራሮ ጫፍ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፤ ረፋድ ላይ ሲሞቀው መብረር ይጀምራል። ታዛቢው ጥላውን ሳያሳርፍበት ቀስ ብሎ ከጎን ከቀረበ ሁሉንም መለያዎች በአንድ ጊዜ ማየት ይችላል፦ ሰማያዊውን የዓይን ግርጌ፣ ቀዩን ጅማት፣ ጥቁር መስመር የከበባትን ቢጫ ምልክትና በጥቁሩ እግር ላይ የሚወርደውን ቢጫ መስመር። አራቱ ከተሟሉ ዝርያው ያለ ጥርጥር ሲምፔትረም ፎንስኮሎምቢ ነው።